የጥቁር አሜሪካውያን ትግል የአንድ ሰው አንደበት አልነበረም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ በስልክ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። «አንብበውና የመሰለህን ንገረኝ» አለኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ በስልክ የማልጨርሰው ነገር ሆነብኝና ይህን ጻፍኩ።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ጥቁር አሜሪካውያንን ማርቲን ሉተር ኪንግ ቀሰቀሷቸው፤ ከኪንግ ወዲህ ግን መሪ አላገኙም። ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ «አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ» ናቸው። መንግሥት አጠፋቸው የሚባለው ሰበብ ነው። ሕዝቡም የዋህ ነው፤ ደህና አድርጎ የሚናገር ካገኘ ይከተላል። ኦባማ መጥተውም ምንም አልተለወጠም። ስለዚህ እኛ ኢትዮጵያውያን ከዚህ ፖለቲካ ርቀን ሥራችንን እንሥራ።

ጸሐፊው ተቆጥተዋል። ቁጣቸው ከክፋት የመጣ አይመስለኝም። ብዙ ተስፋ አድርጎ የተጎዳ ሰው ነው እንዲህ የሚጽፈው። የተወሰነውን ቁጣ እኔም እጋራዋለሁ። ግን ጽሑፉ የሚነሳበት ታሪክ ልክ አይደለም፤ መነሻው ስለተሳሳተ መድረሻውም ተሳሳተ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከመጀመሪያው ልነሳ። ጸሐፊው በ1955 ዓ.ም. በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ «ኪንግ ተነስተው ሕዝቡን ከአውቶቡስ አስወረዱት» ይላሉ።

ሮዛ ፓርክስ የሚባሉ ጥቁር ሴት በአውቶቡስ ላይ መቀመጫዬን ለነጭ አልለቅም ብለው የታሰሩት ሐሙስ፣ ዲሴምበር 1 ቀን ነው። በዚያው ሌሊት ጆ አን ሮቢንሰን የሚባሉ የኮሌጅ መምህርት ተማሪዎቻቸውን ይዘው የኮሌጁ ማባዣ ክፍል ገቡ። እስኪነጋ ድረስ በአስር ሺዎች የሚቆጠር በራሪ ወረቀት ሲያባዙ አደሩ። ወረቀቱ «ሰኞ አውቶቡስ አትሳፈሩ» የሚል ነው። ሐሳቡም የዚያች ሌሊት ሐሳብ አልነበረም። መምህርቷ የሚመሩት የሴቶች ማኅበር ነበር። ነገሩ ካልተስተካከለ አድማ ይመጣል ብለው ለከንቲባው የጻፉት በ1954 ዓ.ም.፣ ከዓመት በላይ ቀደም ብለው ነው። ክሎዴት ኮልቪን የምትባል የ15 ዓመት ልጅም መቀመጫዬን አልለቅም ብላ የታሰረችው ከፓርክስ ዘጠኝ ወር ቀድማ ነው።

ኪንግስ? ያኔ የ26 ዓመት ወጣት ናቸው። ከተማዋ ውስጥ ገና ብዙ አልቆዩም። ለመሪነት የተመረጡት ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። አድማው ግን ጠዋት ተጀምሯል፤ አውቶቡሶቹ ባዶአቸውን ሲመላለሱ ውለዋል። ከተመረጡበት ምክንያት አንዱ ለከተማዋ አዲስ ስለነበሩ ከማንም ጋር አለመጣላታቸው ነው።

እኔ ዋሽንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ስለዚህ ከዚያ አድማ ውስጥ ልቤን የሚነካው የሾፌሮቹ ነገር ነው። ጥቁር ታክሲ ነጂዎች ሰዉን በአውቶቡስ ዋጋ፣ በ10 ሳንቲም ማመላለስ ጀመሩ። ከተማው ዝቅተኛው የታክሲ ዋጋ 45 ሳንቲም ነው፣ ከዚያ በታች የጫነ ይቀጣል ብሎ መጣባቸው። ከ45 ወደ 10 ሳንቲም መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ታክሲ የነዳ ሰው ያውቀዋል። ያ መንገድ ሲዘጋ መኪና ያለው ሰው ሁሉ መኪናውን አወጣ። ወደ 300 የሚጠጋ መኪና ሰው ማመላለስ ያዘ።

ታዲያ የቤንዚኑን ማን ይቻለው? እዚህ ላይ ጆርጂያ ጊልሞር የሚባሉ ምግብ አብሳይ ይመጣሉ። እኚህ ሴት ጓደኞቻቸውን ሰብስበው ሳንድዊች፣ የተጠበሰ ዶሮና ኬክ እየሠሩ ይሸጡ ነበር። ገንዘቡን ማታ በስብሰባው ላይ ያስረክባሉ። ከየት መጣ ሲባሉ «ከየትም» ይላሉ። የቡድናቸውም ስም ይኸው ነበር፤ «ከየትም ያልመጣ ክበብ» እንደማለት። የገንዘቡን ምንጭ ካወጡ የሚገዟቸውና አብረዋቸው የሚሠሩት ሴቶች ከሥራ ይባረራሉ። በእሳቸው ላይ ደረሰ፤ ኪንግ በተከሰሱበት ችሎት መስክረው ከምግብ ቤት ሥራቸው ተባረሩ። ከዚያም ቤታቸው ሆነው ማብሰሉን ቀጠሉ። አድማው 381 ቀን ቆየ።

ይህን ያህል የዘረዘርኩት የኪንግን ክብር ለመቀነስ አይደለም። ቤታቸው ቦምብ ተጥሎበታል፤ ታስረዋል፤ በመጨረሻም ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። ግን የጸሐፊው ተስፋ መቁረጥ ሁሉ የቆመው በአንድ ሥዕል ላይ ነው። አንድ ሰው ይናገራል፣ ሕዝብ ይከተላል። ያ ሥዕል ከተያዘ የቀረው ሁሉ ቀላል ነው። ሰውየው ሲሞት ትግሉ ሞተ ይባላል፤ ቀጣዩ ተናጋሪ ሲሰርቅ ትግሉ ሌብነት ነበር ይባላል።

ደግሞ ይህን ሥዕል መጀመሪያ የተቃወሙት እዚያው ውስጥ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ኤላ ቤከር በኪንግ ድርጅት ውስጥ ቢሮውን ያቋቋሙ ሴት ናቸው። ማርቲንን የፈጠረው ንቅናቄው ነው እንጂ ማርቲን ንቅናቄውን አልፈጠሩም ይሉ ነበር። ብርቱ ሕዝብ ብርቱ መሪ አያስፈልገውም የሚለውም የእሳቸው አባባል ነው። በ1960 ዓ.ም. ለነጮች ብቻ በሆነ ምግብ ቤት ገብተው አንነሳም ያሉትን ጥቁር ተማሪዎች ራሊ ከተማ ሰበሰቧቸው። በማንም ትልቅ ሰው ጥላ ሥር እንዳይገቡ፣ የራሳቸውን ድርጅት እንዲያቋቁሙ መከሯቸው።

በዚያው በኪንግ ድርጅት ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሴፕቲማ ክላርክ ደግሞ ለኪንግ ደብዳቤ ጻፉላቸው። ሰልፉን ሁሉ ራስዎ አይምሩ፣ በየቦታው የሚመሩ ሰዎችን ያፍሩ የሚል ነው። ኪንግ ደብዳቤውን ለሠራተኞቹ አነበቡት። ሠራተኞቹ ሳቁ። ክላርክ ይህን ራሳቸው ተናግረውታል። እኔ ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል። ያ ደብዳቤ ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ኪንግ ሲገደሉ የደረሰው ባዶነት ትንሽ ይቀንስ ነበር ብዬ አምናለሁ። የሴትየዋ ሥራ ምስክር ነው። ከቻርልስተን አጠገብ ባለች ጆንስ አይላንድ በምትባል ደሴት በ1957 ዓ.ም. ትምህርት ቤት አስከፈቱ። ከፊት ለፊት ሱቅ ነው፤ ነጮቹ እንዳይጠረጥሩ። ከጓዳው አዋቂዎች ማንበብ ይማራሉ፤ ያኔ ማንበብ የማይችል ሰው መራጭ ሆኖ አይመዘገብምና። አስተማሪዋ ፀጉር ሠሪ ነበሩ። ነገሩን የጀመሩት ደግሞ ኢሳው ጄንኪንስ የሚባሉ፣ በአውቶቡሳቸው ሰው እየጫኑ በመንገድ ላይ ሕገ መንግሥት የሚያስጠኑ ሾፌር ናቸው። እንዲህ ያሉ ክፍሎች በደቡቡ አገር ሁሉ ተባዙ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። «ከኪንግ በኋላ የሚወደድ መሪ ጠፋ» ይላሉ ጸሐፊው። ለመሆኑ ኪንግ በሕይወት ሳሉ ይወደዱ ነበር? በ1966 ዓ.ም. ጋለፕ የሚባለው ድርጅት ባደረገው የሕዝብ አስተያየት ጥናት 63 በመቶው ሰው ለኪንግ ጥሩ አመለካከት አልነበረውም። በ1967 ዓ.ም. የቬትናምን ጦርነት ሲቃወሙ ትልልቆቹ ጋዜጦች ዘመቱባቸው። ከጥቁር መሪዎችም ፊታቸውን ያዞሩባቸው ነበሩ። በዚያን ጊዜ ብንኖር ምናልባት ጸሐፊውም እኔም «ኪንግ አበቃላቸው» ከሚሉት ውስጥ እንሆን ነበር። ዛሬ የምናየው ኪንግ ሐውልት የቆመላቸውንና የበዓል ቀን የተሰየመላቸውን ነው። በሕይወት ያለን ሰው ከሐውልት ጋር ካወዳደርነው ማንም አያልፍም።

«መንግሥት አጠፋቸው የሚባለው ሰበብ ነው» ለሚለው ግን መልሴ ጠንከር ያለ ነው። ይህ ወሬ አይደለም። በማርች 1968 ዓ.ም. የፌዴራል ምርመራ ቢሮው ኤፍ.ቢ.አይ ለቢሮዎቹ የላከው መመሪያ አለ። ጥቁሮችን አንድ አድርጎ ሊያነሳሳ የሚችል «መሲሕ» እንዳይነሳ ተከላከሉ ይላል። ቃሉ ራሱ «መሲሕ» ነው። ኪንግ የተገደሉት በሚቀጥለው ወር ነው። ግድያውን ኤፍ.ቢ.አይ ፈጸመ እያልኩ አይደለም። የምለው፣ ያ መሥሪያ ቤት ኪንግን ለዓመታት ሲሰልል ነበር፤ በ1964 ዓ.ም. ራሳቸውን እንዲያጠፉ የሚገፋ ስም የለሽ ደብዳቤ ልኮላቸዋል። ይህን ሁሉ በ1970ዎቹ የአሜሪካ ሴኔት መርምሮ አውጥቶታል።

ቺካጎ ላይ ፍሬድ ሃምፕተን የሚባል ወጣት ነበር። ጥቁር፣ ላቲኖና ድሃ ነጭ ወጣቶችን አንድ ላይ ያስቀመጠ ልጅ ነው። ዲሴምበር 4 ቀን 1969 ዓ.ም. ከንጋቱ በፊት ፖሊስ ቤቱ ገብቶ ገደለው። 21 ዓመቱ ነበር። ፖሊስ ከ80 በላይ ጥይት ተኩሷል፤ ከውስጥ የተተኮሰው አንድ ብቻ መሆኑን የፌዴራል ምርመራ አረጋግጧል። የቤቱን ካርታ ለኤፍ.ቢ.አይ የሰጠው የራሱ የጥበቃ ኃላፊ ነው። ጸሐፊው «የት ሄዱ መሪዎቹ?» ብለው ይጠይቃሉ። አንዳንዶቹ መቃብር ውስጥ ናቸው። ይህን ሳይጠቅሱ ጥያቄውን መጠየቅ ተገቢ አልመሰለኝም።

አሁን ጸሐፊው ልክ ወደሆኑበት ቦታ እንምጣ። ሁሉንም በኤፍ.ቢ.አይ ማሳበብ አይቻልም። ስህተት ብቻ ሳይሆን ሌብነትም ነበር። የዲትሮይት ከንቲባ የነበሩት ክዋሜ ኪልፓትሪክ በ31 ዓመታቸው ሲመረጡ ስንት ሰው ተስፋ ጥሎባቸዋል! በ2013 ዓ.ም. በሙስና 28 ዓመት ተፈረደባቸው። ከኪንግ ጋር የሠሩት የጄሲ ጃክሰን ልጅ የምክር ቤት አባል ሆነው ለምርጫ ዘመቻ ከተሰጠ ገንዘብ 750 ሺህ ዶላር ያህል ለግል ጉዳያቸው አውለው ታስረዋል። የኔሽን ኦፍ ኢስላም መሪ ሉዊስ ፋራካን በ1995 ዓ.ም. መቶ ሺዎችን ዋሽንግተን ላይ አሰልፈዋል፤ ስለ አይሁዶች የሚናገሩት ጥላቻ ግን ያን ሁሉ ሕዝብ የማይመጥን ነው። ይህን በይፋ መናገር አለብን፤ ማድበስበስ አያስፈልግም።

ግን «ሕዝቡ የዋህ ነው» የሚለው ድምዳሜ ከዚህ አይመጣም። ጸሐፊው ለዚህ ማስረጃ ያደረጉት የእኛኑ ከተማ የዋሽንግተንን የቀድሞ ከንቲባ፣ ማሪየን ባሪን ነው። «ክራክ ሲያጨሱ በቪዲዮ ተይዘው እንደገና መረጧቸው» ይላሉ፤ ክራክ የሚጨስ የኮኬይን ዓይነት ነው። እውነት ነው፤ ጃንዋሪ 1990 ዓ.ም. ተያዙ፣ ስድስት ወር ተፈረደባቸው፣ በ1994 ዓ.ም. እንደገና ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። እኔም አዲስ ገቢ ሳለሁ ይህን ስሰማ ሰዎቹ ምን ነክቷቸው ነው ብዬ ነበር።

አንድ ቀን አናኮስቲያ ከሚባለው የዋሽንግተን የጥቁሮች ሰፈር አንዲት ትልቅ ሴት ጫንኩ። ወሬ ጀመርንና ስለ ባሪ ጠየቅኳቸው። ሴትየዋ በመስኮት እያዩ ቆዩ። ከዚያ «የመጀመሪያ ደመወዜን የሰጠኝ እሱ ነው» አሉኝ። ባሪ ከንቲባ በሆኑበት በ1979 ዓ.ም. ሥራ ለሚፈልግ ወጣት ሁሉ የክረምት ሥራ የሚሰጥ ፕሮግራም ጀምረው ነበር። ሴትየዋ ያኔ ልጅ ናቸው። በዚያች ደመወዝ ለእናታቸው ጫማ ገዙ። «በ90 ላይ ግን አልመረጥኩትም» አሉኝ። «ተቆጥቼ ነበር። ወንድሜን ክራክ ነው የበላብኝ።» ከዚያ ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው «በ94 መረጥኩት» አሉ። ለምን አልኳቸው። «ሌሎቹ እኛ ሰፈር መጥተው አያውቁም» አሉኝ።

ይህ የዋህነት ነው? እኔ የዋህነት አላየሁበትም። ሴትየዋ ሒሳብ ይሠራሉ። የሰጣቸውን ያውቃሉ፣ የበደላቸውን ያውቃሉ። በ1990 ዓ.ም. ባሪ ለከተማው ምክር ቤት ተወዳድረው ተሸንፈዋል፤ ጸሐፊው ይህን አልጠቀሱም። ከተማዋም እንደሌላው ከተማ አይደለችም። እስከ 1970ዎቹ ድረስ ከንቲባዋን እንኳ አትመርጥም ነበር፤ እስከ ዛሬም ኮንግረስ ውስጥ ሙሉ ድምፅ የላትም። በእንዲህ ያለ ቦታ «የእኛ ሰው» የሚለው ነገር ትልቅ ክብደት አለው። ይህን ስል ባሪን ነፃ አላወጣም። ክራክ ሰፈር ሲያወድም መሪው ራሳቸው እዚያው ውስጥ መገኘታቸው ይቅር የማይባል ነው። ሴትየዋም ይቅር ያሉ አልመሰለኝም።

በፖሊስ ግፍ ላይ ስለተነሳው ብላክ ላይቭስ ማተር ስለሚባለው ንቅናቄም ጸሐፊው በቁጣ ጽፈዋል። በ2020 ዓ.ም. ድርጅቱ ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ወደ 6 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቤት መግዛቱ በ2022 ዓ.ም. ተሰምቷል። እኔም አዝኛለሁ። ልጄ በዚያ ክረምት ከኪስ ገንዘቧ አዋጥታ ነበር። ግን ማን ነው መጀመሪያ «ገንዘቡ የት ገባ?» ያለው? ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ከመድመቁ በፊት፣ በ2020 ዓ.ም. መጨረሻ፣ አሥር የአካባቢ ቅርንጫፎች በይፋ መግለጫ አውጥተው ጠይቀዋል። ጥያቄው ከውስጥ ነው የመጣው። ልክ እንደ ኤላ ቤከር፣ ልክ እንደ ሴፕቲማ ክላርክ። ጸሐፊው በመሪዎች ማዘንን የትግሉ መጨረሻ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር የማየው ሌላ ነው። በመሪዎቹ ክፉኛ ያዘኑት ሰዎች ራሳቸው ሥራውን ሲሠሩ የነበሩት ናቸው፤ አዝነውም ሥራውን አልተዉም።

የድሮውን የጥቁሮች ንቅናቄ መሪ ማርከስ ጋርቬይን እዚህ ላይ ባነሳ ደስ ይለኛል፤ ታሪካቸው እኛንም ስለሚነካ። በ1919 ዓ.ም. የመርከብ ኩባንያ አቋቁመው አንዱን አክሲዮን በ5 ዶላር ለድሆች ሸጡ። መርከቦቹ አሮጌ ነበሩ፤ ኩባንያው ከሰረ፤ እሳቸውም ታስረው በ1927 ዓ.ም. ከአሜሪካ ተባረሩ። የድርጅታቸው መዝሙር «ኢትዮጵያ» ብሎ የሚጀምር ነበር። ሆኖም ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በ1936 ዓ.ም. ከጣሊያን ወረራ ሸሽተው ሲሰደዱ፣ ጋርቬይ በራሳቸው መጽሔት ክፉኛ ተቿቸው። ሕዝብ ያዘነባቸው ሰው እሳቸውም በእኛ ንጉሥ አዘኑ። እኛም ብንሆን መሪ ስንጠብቅ «ሙሴ» እያልን ነው። ስለዚህ ይህን ድካም የጥቁር አሜሪካውያን ብቻ አድርጎ መጻፉ አልተመቸኝም።

ጄሲ ጃክሰንን በተመለከተ ባጭሩ። ለፕሬዚዳንትነት መወዳደራቸውን ጸሐፊው «ለታይታ ተወዳደሩ» ብለውታል። በ1988 ዓ.ም. በዴሞክራቲክ ፓርቲ የዕጩ ምርጫ ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ ድምፅ አግኝተዋል። ከዚያም በላይ፣ ፓርቲው ዕጩውን የሚመርጡትን ተወካዮች ለተወዳዳሪዎቹ ባገኙት ድምፅ ልክ እንዲያከፋፍል ታግለዋል። በ2008 ዓ.ም. ኦባማ ሂላሪ ክሊንተንን በጠባብ ልዩነት ያለፉት በዚያ አሠራር ነው። በግል ሕይወታቸው ጥፋት ነበረባቸው፤ ከትዳር ውጭ ልጅ መውለዳቸው በ2001 ዓ.ም. ታውቋል። ሁለቱም እውነት ነው።

ኦባማስ? «ምንም አልተለወጠም» ማለት ልክ አይደለም። የጤና መድን ያገኘው ሰው ብዙ ነው። በድሮው ሕግ ክራክ የተያዘበት ሰው የሚያገኘውን ቅጣት ለማግኘት የዱቄት ኮኬይኑ መጠን 100 እጥፍ መሆን ነበረበት፤ ያ ልዩነት በ2010 ዓ.ም. ወደ 18 እጥፍ ወርዷል። በቤት ብድር ቀውስ ቤታቸውን ላጡት ጥቁር ቤተሰቦች ግን መንግሥታቸው በቂ አላደረገም። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

የመጨረሻው ነጥብ የበለጠ አሳዝኖኛል። «ይህ የእነሱ ጉዳይ ነው፤ እኛ ሥራችንን እንሥራ።»

በድሮው የአሜሪካ ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። መቶ! ያንን የኮታ ሥርዓት ያፈረሰው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። የወጣው የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ያስከበረው ሕግ በወጣበት ዓመት፣ በዚያው ንቅናቄ ግፊት ነው። እኔ በዲቪ መጣሁ። ዲቪ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፤ ግን በሩ መጀመሪያ ባይከፈት ዲቪ የሚባል ነገር ባልኖረ። ያን በር ከገፉት ውስጥ ሞንትጎመሪ ላይ በ10 ሳንቲም ሰው የጫኑት ሾፌሮች አሉበት፤ ዶሮ እየጠበሱ የቤንዚን የከፈሉት ሴትዮ አሉበት።

ሚኪ ሌላንድንም አንርሳ። ጥቁር የቴክሳስ ተመራጭ ነበሩ። በኮንግረስ የረሀብ ኮሚቴ ያቋቋሙ ሰው ናቸው። በኦገስት 1989 ዓ.ም. ጋምቤላ አካባቢ ወዳለው የፉኝዶ የስደተኞች ካምፕ ሲሄዱ አውሮፕላናቸው ተከስክሶ ሞቱ። አብረዋቸው 15 ሰዎች ሞተዋል። ከእኛ አገር ድሃ ጋር ምን አገናኘኝ አላሉም።

በምኖርበት ሰፈር በየወሩ የነዋሪዎች አማካሪ ኮሚሽን ስብሰባ አለ። ኮሚሽነሮቹ በነዋሪው የተመረጡ፣ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ጎረቤቶች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ መንገድ መብራት፣ ስለ ኪራይና ስለ መኪና ማቆሚያ ነው። ታላቅ ንግግር የሚያደርግ የለም። እኔ መሄድ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ሁልጊዜ ከፊት የምትቀመጥ አንዲት አሮጊት አለች፣ ማስታወሻ ትይዛለች፣ ያለፈው ወር የተባለው ካልተሠራ ትነሳለች። ጸሐፊው በዚህ ከተማ አቅራቢያ የሚኖሩ ከሆነ አንድ ማታ ቢመጡ ደስ ይለኛል። ከአጠገቤ ቦታ እይዝላቸዋለሁ።